ረጅም ብራቾ ከመግዛታችሁ በፊት፦ በሰፊው ለተጋራ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ስፖርት ኳድ (ባለ አራት ጎማ ሞተር) የፊት ሰስፔንሽን፣ ማለትም ጎማውን ከሻንሲው ጋር ይዞ ጉብታውን ስለሚውጠው ክፍል፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሟል። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ደርሶኛል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ተጽፏል። ቋንቋው ይጥማል፣ ጸሐፊውም ኳድ ላይ ብዙ እንደቆዩ ያስታውቃል። ችግሩ ሌላ ነው። ምክሩን እንዳለ የተከተለ ሰው ኪሱን አራግፎ፣ ከፋብሪካ ከወጣው የባሰ ማሽን ይዞ ሊቀር ይችላል።

ያሉትን ሳላዛባ በአጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት የሚገዛው ሰፊና ረጅም ብራቾ ነው፤ ፊቱ በሰፋ ቁጥር ኳዱ አይገለበጥም ይላሉ። ብራቾ የሚሉት ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዙትን የላይና የታች ክንዶች ነው፤ ኤ-አርም የሚላቸውም አለ። ሁለተኛ፣ የድሮውን ሾክ (ሞላና ዘይት ያለበትን ጉብታ መቀበያ) አዲሱ ብራቾ ላይ መልሳችሁ እሰሩት፣ ከለሰለሰባችሁ ሞላውን አስቀድሞ የሚጨምቀውን ቀለበት አጥብቁት፣ ይጠነክራል ባይ ናቸው። ሦስተኛ፣ ለብራቾ አቅም ያጠረው ሰው የፊት ጎማው ላይ ስፔሰር (ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋ ብረት) ቢያስገባ ያው ነው። አራተኛ፣ ከፋብሪካ የመጣ ሾክ የረባ ዕቃ አይደለም፤ ለሰርቪሱም፣ በላዩ ላይ ላሉት ማስተካከያዎችም ጊዜ አታጥፉ። አምስተኛ፣ የሽቦ ሞላ ጊዜው አልፎበታል፤ ፊታችሁን ወደ አየር ሾክ አዙሩ።

ስፋቱ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ድረስ ትክክል ናቸው። የመገልበጥ ነገር በዋናነት በሁለት ቁጥር ይወሰናል፦ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት፣ እና የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታ። ርቀቱ ሲሰፋ ወይም ከፍታው ሲወርድ ኳዱ ይረጋል። እዚህ ድረስ ጠብ የለንም።

ግን የኳድ ጎማ አራት ነው። ኳዱ ወደ ጎን ሲገለበጥ የሚዞረው፣ የፊትና የኋላ ጎማ መሬት የነኩባቸውን ነጥቦች በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው። ፊቱን ብቻ ስታሰፉ የመስመሩን አንድ ጫፍ ብቻ ነው የገፋችሁት። ከነአሽከርካሪው ክብደቱ 60 በመቶ ኋላ፣ 40 በመቶ ፊት ላይ ያረፈ ኳድ እንውሰድ። ፊቱ ላይ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ብትጨምሩ፣ የክብደቱ ማዕከል ባለበት ቦታ መስመሩ የሚርቀው በ2 ሴንቲ ሜትር ነው። 2 ሴንቲ ሜትርም ጥቅም ነው፤ ማን ይጠላል? «አይገለበጥም» የሚያሰኝ ግን አይደለም።

የኋላው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። የስፖርት ኳድ የኋላ አክስል ድፍን ነው። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ታስረዋል። ዘንጉን የያዘው ስዊንግ አርም ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል እንጂ ከሻንሲው ተለይቶ ወደ ጎን አያጋድልም። ሻንሲው ሲያጋድል አክስሉም አብሮ ያጋድላል። ኩርባ ላይ መጀመሪያ ከመሬት የሚላቀቀው ጎማ ብዙ ጊዜ በውስጥ በኩል ያለው የኋላ ጎማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሁለቱን ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻል ስለሌለው ይህ መላቀቅ ለመዞርም ያግዛል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሆነ ብለው ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ ፊቱን የነካ ሰው ስለ ኋላው ማሰቡ ግድ ነው። ያ ሁሉ ጽሑፍ ግን ስለ ኋላው አንድም ዓረፍተ ነገር የለውም።

ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ያማሃ ባንሺ እ.ኤ.አ. በ1987 ብቅ ሲል ጠቅላላ ስፋቱ 110 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በዚያ ጠባብ ፊት ላይ ረጅም ብራቾ ሲገጠም ማሽኑ ሌላ ይሆን ነበር። የዚያን ዘመን ሰው «መጀመሪያ አስፉት» ቢል አልፈርድበትም። ያማሃ ዋይኤፍዜድ 450 አር ግን በ2009 ሲመጣ ከፋብሪካው የወጣው 124 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ነው። የማስፋቱን ሥራ ፋብሪካው ጨርሶታል ማለት ነው።

ሰፊ ሁልጊዜ ይሻላል ከተባለ ደግሞ፣ ያው ያማሃ በ2010 ዋይኤፍዜድ 450 ኤክስን ለምን ወደ 117 ሴንቲ ሜትር አጠበበው? መልሱ ዛፍ ነው። ያ ሞዴል የተሠራው ለጫካ መንገድ ነው፤ እዚያ ሁለት ግንድ መካከል ሾልኮ ማለፍ ከምንም በላይ ያስፈልጋል። ለውድድር የሚያስብም ሰው ቁጥሩን አስቀድሞ ይመልከት። በአሜሪካ የኤቲቪ ሞቶክሮስ የስፋቱ ጣሪያ 50 ኢንች፣ ማለትም 127 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ124 ተነስቶ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የጨመረ ሰው 134 ገባ። ፍተሻው ላይ ይመልሱታል።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ገንዘብ የሚበላውም፣ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ጋ ነው።

ብራቾው አንዱ ጫፉ ሻንሲው ላይ ይዞራል፣ ሌላው ጫፉ ጎማውን ይዟል፣ ሾኩ መሐል ላይ ታስሯል። በር ከማጠፊያው አጠገብ ሲገፉት ይከብዳል፤ ከእጀታው በኩል ግን በጣት ይከፈታል። ጎማውም ከማጠፊያው በራቀ ቁጥር ሾኩን በቀላሉ ይጨምቀዋል። ብራቾውን አስረዝማችሁ የሾኩን ማሰሪያ በነበረበት ከተዋችሁት፣ ያው ሞላ ጎማው ላይ ሲደርስ ይለሰልሳል።

ምን ያህል? ከማጠፊያው እስከ ጎማው መሐል 40 ሴንቲ ሜትር የነበረው 45 ሆነ እንበል። 40ን ለ45 ስናካፍል 0.89 ገደማ ነው። ጸሐፊው የዘለሉት ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ይህ ቁጥር በራሱ ይባዛል። ሾኩ ጎማው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል አንድ ጊዜ ይቀንሳል። ጎማው ያንኑ ያህል ሲነሳ ሾኩ የሚጨመቅበት ርቀትም ስለሚያንስ ሌላ ጊዜ ይቀንሳል። ውጤቱ 0.79 ነው። ሞላው ጎማው ላይ ከነበረው ጥንካሬ አንድ አምስተኛው ሄደ። ወደ ነበረበት ለመመለስ ሞላው 27 በመቶ ገደማ መጠንከር አለበት። የሾኩ ዘይት የሚሰጠው መከላከያም በዚሁ ልክ ስለሚላላ፣ ሞላ ብቻ ቀይሮ መገላገልም የለም። የሾኩ ውስጥ ቫልቭ ለአዲሱ ብራቾ መስተካከል አለበት።

ሁሉም ብራቾ እንዲህ ነው አልልም። የሾኩን ማሰሪያ አብረው ወደ ውጭ የሚገፉ ሠሪዎች አሉ፤ እነዚያ ላይ ልዩነቱ ያንሳል። ሎንግ ትራቭል የሚባሉት ደግሞ ከመነሻው ለረዘመ ሾክ የተሠሩ ናቸው። የፋብሪካውን ሾክ ለእነሱ ማሰብ ራሱ ልፋት ነው።

እሺ፣ ለሰለሰ። «ቀለበቱን አጥብቁት» የሚለውስ? ይህ አባባል ጸሐፊው የፈጠሩት አይደለም። በየጋራዡ ይሰማል። ግን ስሌቱን እንየው። አንድ ሴንቲ ሜትር ለመጨመቅ 20 ኪሎ የሚፈልግ ሞላ አለን። ቀለበቱን አዙራችሁ 2 ሴንቲ ሜትር አስቀድማችሁ ጨመቃችሁት። ሾኩ አሁን ከ40 ኪሎ በታች አይንቀሳቀስም፤ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚቀጥለው ሴንቲ ሜትር ስንት ይፈልጋል? ያው 20። ከዚያ ቀጥሎ ያለውስ? ያው 20። ሞላው አልጠነከረም። የተለወጠው የፊቱ ከፍታ ነው።

ከፍታው ሲለወጥ ምን ይከተላል? ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ክፍት ቦታ ያልቃል። ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው ተከትሎ መውረድ ሲገባው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሾኩ ሙሉ ሲዘረጋ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ መሪው በእጃችሁ ላይ ይቀልላል። ሌላም አለ። ፊቱ ከፍ አለ ማለት የክብደቱ ማዕከል ከፍ አለ ማለት ነው። ጸሐፊው በአንደኛው ነጥብ በስፋት ያመጡትን መረጋጋት፣ በሁለተኛው ነጥብ ራሳቸው መልሰው ወሰዱት።

አንድ ነገር ልመንላቸው። ከላይ አጭርና ለስላሳ፣ ከታች ረጅምና ጠንካራ ሞላ ያላቸው ሾኮች አሉ። እነሱ ላይ ቀለበቱ ሲጠብቅ ለስላሳው ሞላ ቶሎ ተጨምቆ ያልቅና ጠንካራው ቀድሞ ሥራ ይጀምራል። ስለዚህ «አጥብቄው ጠንክሮልኛል» የሚል ሰው ሁሉ ተሳስቷል አልልም። ምክንያቱ ግን ቀለበቱ ሳይሆን የሞላው አሠራር ነው። አንድ ሞላ ብቻ ያለው ሾክ ላይ ይህ አይሠራም።

ትክክለኛው መነሻ መለካት ነው። ፊቱን በክሪክ አንሱና ጎማዎቹ ይንጠልጠሉ። ከጎማው መሐል ቀጥታ ወደ ላይ፣ ሻንሲው ላይ እስከመረጣችሁት አንድ ነጥብ ድረስ በሜትር ለኩ። ከዚያ አውርዱት፣ ፊቱን ሁለት ሦስቴ ተጭናችሁ ልቀቁት፣ ቡትና ሄልሜታችሁን አድርጋችሁ ውጡበት፣ ሌላ ሰው ያንኑ ይለካ። ልዩነቱ ጎማው ከሚሄድበት ጠቅላላ ርቀት አንድ ሦስተኛ ገደማ ከሆነ ለመነሻ ጥሩ ነው። ጎማው በጠቅላላ 25 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። እዚያ ለመድረስ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ማዞር ካስፈለጋችሁ ሞላው ለእናንተ ክብደት አይሆንም። በቃ፣ ሞላ ቀይሩ። ከብራቾ ጋር ሲነጻጸር ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ብራቾ ላይ እያለን፣ ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው ታይ ሮድ አለ። መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ ነው። ብራቾው ሲረዝም እሱም በልኩ መርዘም አለበት። ርዝመቱ ወይም ከፍታው ከብራቾው ጋር ካልተስማማ፣ ጎማው ሲነሳና ሲወርድ መሪውን ሳትነኩት በራሱ ይዞራል። ቀጥ ባለ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ኳዱ ግራ ቀኝ ሲቅበዘበዝ ሰው ሾኩን ይረግማል። ሾኩ ምን በወጣው! መፈተኑ ቀላል ነው። ሻንሲውን ከፍ አድርጋችሁ በደንብ አስደግፉ፣ ሾኩን ፍቱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩ። ከዚያ ጎማውን በእጃችሁ ከታች እስከ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሱትና የፊት ጠርዙን ተመልከቱ። ከሻንሲው ያለው ርቀት እስከ መጨረሻው ብዙም ካልተለወጠ ጥሩ ነው። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ከተጠማዘዘ ግን አዲሱ ብራቾ ገና አልተገጠመም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሰጡትን አንድ ምክር ሳላመሰግን አላልፍም። ምንም ከመግዛታችሁ በፊት የቦል ጆይንት (ብራቾው ጫፍ ላይ ጎማውን የሚይዘው ተሽከርካሪ መገጣጠሚያ) እና የኩሽኔታ ክፍተት ፈትሹ ብለዋል። ወርቅ ምክር ነው። ፊቱን አንስታችሁ ጎማውን ከላይና ከታች ያዙት፣ አንዱን ግፉ፣ ሌላውን ሳቡ። ከተነቃነቀ አዲስ ሾክ ብትሰቅሉም ከንቱ ልፋት ነው።

ስፔሰሩን በአጭሩ ልለፈው። ስፔሰር ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል እንጂ ብራቾውን አያስረዝምም። መሪው ሲዞር ጎማው የሚዞርበት መስመር ከላይኛው ቦል ጆይንት በታችኛው አልፎ መሬት ይደርሳል። ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ከዚህ መስመር በራቀ ቁጥር፣ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪውን የመንጠቅ ጉልበቱ ይጨምራል። የሚከፍለው የእጃችሁ አንጓ ነው። ኩሽኔታውም ከበፊቱ የበለጠ ይጫነዋል። ጎማው ወደ ውጭ የተገፋ ቸርኬም ያንኑ ጣጣ ያመጣል። የኋላ ጎማ ላይ ግን መሪ የለም፤ እዚያ ስፔሰር ለማስፋት ርካሽና የሚያስኬድ ዘዴ ነው። ጸሐፊው ቦታውን ነው የሳቱት።

አራተኛው ነጥብ በጣም የገረመኝ ነው። «ከፋብሪካ የመጣ ሾክ የረባ አይደለም» የሚለው ለየትኛው ሾክ ነው? ተዘግቶ የተበየደ፣ የማይፈታ፣ ምንም ማስተካከያ የሌለው ሾክ ይዘው የሚመጡ ኳዶች አሉ። ስለ እነዚያ ከሆነ እስማማለሁ፤ አንዴ ከደከሙ መጣል ነው። ከላይ የጠቀስኩት 450 አር ግን የናይትሮጅን ጋኑ ከጎኑ የተገጠመለት፣ የሚጨመቅበትም የሚመለስበትም ፍጥነት በብሎን የሚስተካከል፣ የሚፈታና ሰርቪስ የሚደረግ ሾክ ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መኮነን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሾክ ሲሠራ ዘይቱ ይግላል፣ እያደር ይቀጥናል፣ ከሚፋተጉት ክፍሎች በሚወጣው ቅንጣት ይጠቁራል። ጋኑ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ቀስ በቀስ ያመልጣል። የናይትሮጅኑ ሥራ ዘይቱን ተጭኖ መያዝ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ዘይቱ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ፒስተኑን አይይዝም። ማለዳ ጥሩ የነበረ ሾክ ከግማሽ ሰዓት ግልቢያ በኋላ ገንፎ ከሆነባችሁ ምልክቱ ይህ ነው። ብዙ ሰው «የፋብሪካ ሾክ አይረባም» የሚለው ዘይቱ ከተሠራ ጀምሮ ያልተቀየረ ሾክ ይዞ ነው። አዲስ የገዛው ውድ ሾክም ሰርቪስ ካላገኘ ያው ነው የሚሆነው።

ማስተካከያዎቹ «ለጌጥ ናቸው» ተብሏል። ሃይ ስፒድ የሚባለው የመጨመቂያ ብሎንም በፍጥነት ለሚጋልቡ ተወዳዳሪዎች እንጂ ለተራ ሰው አይደለም ብለዋል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ፍጥነቱ የኳዱ ሳይሆን የሾኩ ዘንግ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ የዛፍ ሥር ብትመቱ የሾኩ ዘንግ በከፍተኛ ፍጥነት ይገባል። በሰዓት 70 እየሄዳችሁ ፍሬን ስትይዙ ፊቱ የሚያጎነብሰው ግን ዝግ ብሎ ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚሄደው ሰውም ያ ብሎን ያስፈልገዋል፤ ምናልባትም ከተወዳዳሪው በላይ።

ሾኩ ከተጨመቀ በኋላ የሚመለስበትን ፍጥነት የሚወስነውን የመመለሻ ብሎን ለአንድ ቀን ብቻ ሞክሩት። ተከታታይ ጉብታ ያለበት ቦታ ፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ ጉብታዎች ላይ ፊቱ ለስላሳ ሆኖ ከአራተኛው ከአምስተኛው ጀምሮ እንደ ድንጋይ ከደረቀ፣ ሾኩ ለመመለስ ጊዜ እያጣ ነው። አንዱን ጉብታ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣበትና ተጨምቆ ይቀራል። ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ ስንት ጠቅታ ላይ እንደነበረ ቁጠሩና ጻፉ። ከዚያ ከነበረበት በሁለት ጠቅታ አላሉትና ያንኑ ቦታ ድገሙት። አንድ ብሎን ብቻ በአንድ ጊዜ። ተቃራኒው፣ ፊቱ ከጉብታ በኋላ ወደ ላይ የሚወረውራችሁ ከሆነ ደግሞ አጥብቁት። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ጽሑፉ ግን ዝለሉት ይላል።

የአየር ሾኩ ላይ ብዙም አልጣላቸውም። ክብደቱ ቀላል ነው። ክብደታችሁ ቢለወጥ ወይም ዕቃ ብትጭኑ በትንሽ ፓምፕ ታስተካክሉታላችሁ፤ ሞላ ማዘዝ የለም። ሲጨመቅ ወደ መጨረሻው እየጠነከረ ስለሚሄድ ከዝላይ በኋላ መሬት ሲነካም ጥሩ ይይዛል። «የሽቦ ሞላ ጊዜው አልፎበታል» ለማለት ግን አያስደፍርም፤ አየር አንድ የማይተው ጠባይ አለው፦ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ሾኩ ውስጥ ያለው አየር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢግል፣ ጠቅላላ ግፊቱ በ14 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ሞላ ይህ ችግር የለበትም። በዚያ ላይ አየሩ እንዳያመልጥ የሚይዘው ላስቲክ ጥብቅ ስለሚሆን ትንንሽ ጠጠር ላይ የመጀመሪያዋን እንቅስቃሴ ትንሽ ይይዛታል።

የአየር ሾክ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ግፊቱ የሚለካው ከመነሳታችሁ በፊት፣ ሾኩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ፓምፑን ስትሰኩት ብቻ የተወሰነ አየር ወደ ፓምፑ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የምታዩት ቁጥር ከነበረው ያነሰው ለዚህ ነው። ከግልቢያ መልስ ትኩሱን ለክታችሁ «በዝቷል» ብላችሁ ካስተነፈሳችሁት ደግሞ፣ በማግስቱ ፊቱ ወርዶ ታገኙታላችሁ።